ሰሊጥ ቁማር አይደለም

በመተማና ከድንበሩ ማዶ በሱዳን ገዳሪፍ፣ በአብርሃጅራና በሁመራ፣ ሰሊጥ በሚበቅልበት በዚያ ሰፊ የዋልካ ሜዳ ሁሉ እንደ እውነት ተቆጥሮ የሚነገር አንድ አባባል አለ፤ «በርሃ ራሱ ቁማር ነው» ይባላል። ዝናቡ ቁማር ነው፣ ዋጋው ቁማር ነው፣ ድንበሩ ላይ ያለው የገላባት ኬላ ነገ ይከፈት አይከፈት የሚያውቅ የለም። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የደከመ ሰው ምሬት ነው ብዬ ባለፍኩት ነበር። ግን አያበቃም። ቀጥሎ የሚመጣው «እንዲህ ከሆነ የኳስ ውርርድ ትኬት መቁረጥ ምን ነውር አለው?» የሚል ጥያቄ ነው። አራት ወር ሙሉ ጉልበቱን ለሰሊጥ የሚገብር ሰው ለአንድ ማታ ጨዋታ አሥር ብር ቢገብር ምን ለውጥ አለው? እንዲያውም ኳሱን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ዝናቡን ግን አያውቀውም ይሉሃል።

ይህን ክርክር ከደጋ ለወፈራ፣ ማለትም ለወቅቱ የእርሻ ሥራ፣ ከሚወርደው ሳሉግ ከሚባለው የቀን ሠራተኛ ብቻ አይደለም የምንሰማው። ዲግሪ ያለው ያነሳዋል፣ መቶ ሄክታር የሚያርሰው ባለሀብት ይደግመዋል፣ ልጆቹን በገንዘብ ጉዳይ የሚመክር አባት ሳይቀር ይቀበለዋል። እኔ ስሕተት ነው እላለሁ፤ ያውም ጎጂ ስሕተት። ገበሬውን ቁማርተኛ፣ ቁማርተኛውን ደግሞ ባለሙያ ያደርጋል። ከሁሉ የከፋው ግን በሰሊጡ አገር በእርግጥ ቁማር የሚመስለውን አንድ ነገር ከዓይናችን መሰወሩ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ ግን ትኬቱን ገልጠን እንየው።

ውርርድ ቤት የሚገባ ወጣት ኦዱን፣ ማለትም ያስያዘው ብር የሚባዛበትን ቁጥር፣ የሚያነበው እንደ ትንቢት ነው። ባለሜዳው 2.00፣ አቻ 3.20፣ እንግዳው 3.60 ተብሎ ሲለጠፍ «ባለሜዳው ይሻላል ማለት ነው» ይላል። ልክ ነው፤ ግን ያነበበው ግማሹን ነው። እስቲ 100ን ለእያንዳንዱ ኦድ እናካፍል። ለ2.00 ሲካፈል 50፣ ለ3.20 ሲካፈል 31.25፣ ለ3.60 ሲካፈል 27.78 ይመጣል። ድምሩ 109.03 ነው። አንድ ጨዋታ ከሦስቱ በአንዱ ነው የሚያልቀው፤ የሦስቱ ዕድል ተደምሮ ከ100 ሊያልፍ አይችልም። ታዲያ ዘጠኟ ከየት መጣች? የቤቱ ናት።

ይህ በሒሳብ ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ ማንም በእጁ ሊሞክረው ይችላል። አንድ ሰው በባለሜዳው 50 ብር፣ በአቻው 31 ብር ከ25፣ በእንግዳው 27 ብር ከ78 ቢያስይዝ ማንም ያሸንፍ ማን እጁ የሚገባው 100 ብር ነው። ከኪሱ ያወጣው ግን 109 ብር ከ3 ሳንቲም ነው። ምንም ሳይሳሳት፣ ምንም ሳይገምት፣ ዳኛም ሳያጭበረብር ዘጠኝ ብር ቀለጠች። ኦድ ማለት ቤቱ ዕድልን የሚሸጥበት ዋጋ ነው፤ ዋጋው ላይ ደግሞ የሻጩ ትርፍ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ተጨምሮበታል። ስኳር የገዛ ሰው የባለሱቁን ትርፍ እንደከፈለ ያውቃል። ትኬት የቆረጠ ሰው ግን ከሌላው ቡድን ጋር የተወራረደ ይመስለዋል።

አንድ ጨዋታ ብቻ የሚቆርጥ ደግሞ ጥቂት ነው። አሥር ብር አስይዞ ሃያ ብር ማግኘት ማንን ያስደስታል? ስለዚህ ጨዋታ ይደረደራል። ስምንት ጨዋታ፣ እያንዳንዱ 2.00፣ ሲባዛ 256 እጥፍ፤ አሥር ብር 2,560 ብር ትሆናለች። በወፈራ ላይ ላለ ልጅ ይህ ቀናት ጎንበስ ብሎ የሚያጭደው ነው። ነገር ግን ኦዱ ሲባዛ የቤቱ ትርፍም አብሮ ይባዛል። 2.00 ተብሎ የተጻፈው ቡድን፣ የቤቱ ድርሻ ሲነሳለት፣ የማሸነፍ ዕድሉ 46 በመቶ ገደማ ነው እንጂ 50 አይደለም። ስምንቱም በአንድነት የመሳካት ዕድላቸው ከ511 አንድ ያህል ይሆናል። 511 ሰው አሥር አሥር ብር ቢያዋጣ 5,110 ብር ይሰበሰባል፤ ከመካከላቸው ለአንዱ 2,560 ብር ይከፈለዋል፤ ግማሹ እዚያው ይቀራል። በዚያ ላይ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ1 ሺህ ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ጥሎበት ነበር፤ በዚያ ስሌት የአሸናፊው እጅ የሚደርሰው 2,176 ብር ነው። የአሸናፊው ትኬት ፎቶ ተነሥቶ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የ510ሩን የሚለጥፍ ግድግዳ የለም።

ትኬቱን ራሱን ያየ ሰው ይህን ሁሉ ከላዩ ላይ አያገኝም። ስስ ወረቀት ነው፤ በሙቀት የታተመ ስለሆነ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ላብ ሲነካው ቁጥሮቹ ይደበዝዛሉ። የቡድኖቹ ስም አለ፣ የያዙት ብር አለ፣ ከታች በደማቁ «ሊያሸንፉ የሚችሉት» የሚል መጠን አለ። 109.03 የሚል ቁጥር የትም የለም። ፈቃድ የሚሰጠው የመንግሥት አካል ይህችን አንዲት ቁጥር በየትኬቱ ላይ አትሙ ብሎ ማዘዝ ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

እዚህ ላይ የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። «ይህ ለማያውቅ ነው፤ ጨዋታውን የሚያውቅ ቤቱን ይበልጣል» ይባላል። በውርርድ ዙሪያ ካሉት እምነቶች ሁሉ ይሄኛውን ያህል ሥር የሰደደ የለም። ልጁ የአሰላለፍ ዝርዝር ያጠናል፣ ጉዳት ላይ ያለውን ተጫዋች ያውቃል፣ የአሠልጣኙን ጠባይ ሳይቀር ይተነትናል። ይህ ሁሉ እውቀት ከንቱ ነው አልልም። ችግሩ ኦዱን የጻፈውም ይህንኑ ማወቁ ነው፤ ልጁ ያወቀው ነገር ዋጋው ውስጥ አስቀድሞ ገብቷል። ባለሜዳው 2.00 የሆነው አጥቂው ስለዳነ ከሆነ፣ «አጥቂው ድኗል» ብሎ መቁረጥ የተከፈለበትን ዕቃ ሁለተኛ መክፈል ነው።

ከእግር ኳስ ይልቅ ይህን ጥርት አድርጎ የሚያሳየው የመኪና እሽቅድምድም ነው። በእኛ ውርርድ ቤቶች እንኳ ከውሻውና ከፈረሱ ጎን በኮምፒውተር የሚሮጥ የመኪና ውድድር ስክሪን ላይ ይታያል፤ በዚያኛው ላይ ስለ እውቀት ማውራት ራሱ ከንቱ ነው፤ መኪናውም ነጂውም የለምና። እውነተኛውን እንይ። አሜሪካኖች ናስካር የሚሉት፣ በ1948 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ የተራ የቤት መኪና ቅርጽ ባላቸው መኪኖች የሚደረግ ውድድር አለ። ትልቁ በፍሎሪዳ በየዓመቱ የሚካሄደው ዳይቶና 500 ነው፤ 40 መኪና፣ 200 ዙር፣ 500 ማይል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለክልሎች መንገዱን ከከፈተ በኋላ፣ ውርርዱም በብዙ ክልሎች በይፋ ይካሄዳል። ኦዱን ፕላስ 1000 ብለው ይጽፉታል፤ መቶ ዶላር ያስያዘ አንድ ሺህ ያተርፋል ማለት ነው፣ በእኛ አጻጻፍ 11.00።

40 መኪኖች እኩል ዕድል ቢኖራቸው ለእያንዳንዱ ትክክለኛው ኦድ 40.00 ነው። ቤቱ ለሁሉም 30.00 ቢሰጥስ? ብዙ ይመስላል፤ በአሥር ብር ሦስት መቶ ብር! ሲደመር ግን 133 ይመጣል፤ ከተወራረደው ገንዘብ ሩቡ ለቤቱ ቀረ ማለት ነው። ተወዳዳሪው በበዛ ቁጥር የሻጩን ትርፍ የሚሸሽጉበት ቦታ ይሰፋል። ሦስት ቁጥር ደምሮ የሚያይ ሰው ቢገኝ እንኳ አርባ ቁጥር ደምሮ የሚያይ የለም።

አሁን ወደ እውቀቱ እንመለስ። በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ዳይቶና 500 ገና በ14ኛው ዙር 16 መኪኖች እርስ በርስ ተላተሙ፤ ከዚያ ዝናብ መጣና ውድድሩ ስድስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ቆመ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በመጨረሻው ዙር ከፊት የነበሩት ጆይ ሎጋኖና ብራድ ኬዘሎውስኪ ተጋጩ። ሁለቱ የአንድ ቡድን ነጂዎች ነበሩ። ከኋላቸው ይመጣ የነበረው ማይክል ማክዳወል በመካከላቸው ሾልኮ አሸነፈ፤ በናስካር ከፍተኛ የውድድር ደረጃ ያደረገው 358ኛ ሩጫው ነበር፣ ከዚያ በፊት አንድም ጊዜ አላሸነፈም። ስፖርቱን ዕድሜ ልኩን የተከታተለ ሰው ከዚያ ሌሊት ምን እውቀት ይጠቅመው ነበር? ሁለት ጓደኛሞች በመጨረሻው ዙር እንደሚላተሙ ማን ይተነትናል? ቤቱስ ቢሆን አላወቀም። ማወቅም አላስፈለገውም፤ የእሱ ሥራ ድምሩ ከ100 እንዲበልጥ ማድረግ ብቻ ነው። ውርርድ በሚዘወተርባቸው አገሮች እንደሚታየው ደግሞ፣ አንድ ሰው በእውቀቱ ደጋግሞ ማሸነፍ ከጀመረ ቤቱ የሚያስይዘውን መጠን ይቀንስበታል ወይም በሩን ይዘጋበታል። ቤቱ እውቀትን የሚያስተናግደው እስካላሸነፈ ድረስ ነው።

አሁን ከዚህ ጋር ሰሊጡን አስተያዩት።

ሰሊጥ አስቸጋሪ ሰብል ነው፤ ይህን የሚክድ ሰው ማሳ አላየም። ዋልካ ላይ ውኃ ሲተኛበት ይሞታል። ሲደርስ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ ፍሬው ተከፍቶ ዘሩ መሬት ላይ ከመርገፉ በፊት መታጨድ አለበት፣ ስለዚህ መተማም ገዳሪፍም በአንድ ሰሞን ሠራተኛ ፍለጋ ይሯሯጣሉ፣ የቀን ሒሳብ በአንዴ ይሰቀላል። ካላዛር አለ፣ ወባ አለ። ጦርነትም አለ፤ በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ሁለቱ አገሮች ወደሚከራከሩበት የአልፋሽጋ መሬት ሲገባ እዚያ ያርሱ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ሰብላቸውን ጥለው ወጥተዋል፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም የፈነዳው ጦርነት ደግሞ በገላባት በኩል ያለውን ንግድ ሁሉ አናግቶታል። አደጋው እውነተኛ ነው።

ግን ዝናቡ ኦድ አይጽፍም። ደመናው ከእያንዳንዱ መቶ ዘጠኝ ጠብታ ዘጠኙን ለራሱ አያስቀርም። ገበሬው ይበልጥ ባወቀ ቁጥር ሰማዩ ዋጋ አይጨምርበትም፣ ደጋግሞ ቢያተርፍም መሬቱ «አንተን አላስተናግድም» አይለውም። ትልቁ ልዩነት እዚህ ነው ያለው። አንድ በገዳሪፍ ብዙ ዓመት ያረሱ፣ አሁን መተማ የሚኖሩ ሽማግሌ እንዴት እንደሚዘሩ ሲያስረዱኝ «ልጄ፣ አንድ ዝናብ አምኜ ሁሉን ዘር አልጥልም» አሉኝ። ማሳቸውን ሦስት ይከፍሉታል። የመጀመሪያውን መሬቱ እንደራሰ ሰሊጥ ይዘሩታል፣ ሁለተኛውን ከቀናት በኋላ፣ ሦስተኛው ደግሞ ዝቅ ያለውና ውኃ የሚተኛበት ስለሆነ ማሽላ ነው፤ ማሽላ ውኃውን ከሰሊጥ ይልቅ ይችለዋል። ሰሊጡ አንድ ቀን ላይ እንዳይደርስባቸው ያደርጋሉ፤ ሳሉጎቹ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ የሚረግፈው ይቀንሳል። እኚህ ሰው ዕድላቸውን በእጃቸው እያስተካከሉ ነው። ትኬት የቆረጠ ሰው ግን ካሸሩ ወረቀቱን ከሰጠው ቅጽበት ጀምሮ አንድም ነገር መለወጥ አይችልም።

የገዳሪፍ ከተማን ያየ ሰው ደግሞ ታላቁን ጎተራ ያውቃል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት እገዛ የተሠራ ነው፣ 100 ሺህ ቶን እህል እንዲይዝ። እንግሊዞች በ1944 እ.ኤ.አ. ቀደምባሊያ ላይ በትራክተር ማረስ ከጀመሩ ወዲህ ያ ሜዳ የሱዳን የእህል ቤት ሆኗል፤ የጥጋቡን ዓመት እህል ለክፉው ዓመት የሚያሸጋግር ነገር ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ቁማርተኛ ጎተራ አይሠራም። ጎተራ የሚሠራ ሰው ክፉ ዓመት እንደሚመጣ አስቀድሞ ተቀብሎ ያንን ቀን የሚያለዝብ ነው። ይህን ሁሉ ድካም «ቁማር ነው» ብሎ መጥራት ለገበሬው ስድብ ይመስለኛል፤ ራሱ ገበሬው ሲለው እንኳ።

ታዲያ በዚህ አገር ኦድ የሚጽፍ ማንም የለም? አለ። ቅድም ወደዚያ እመጣለሁ ያልኩት ይህን ነው።

በሐምሌና በነሐሴ አረም ሰሊጡን ሲያፍነው ገበሬው እጁ ባዶ ነው። ለማሳረም ብር ይፈልጋል፤ ባንክ ዋስትና ይጠይቃል፣ ነጋዴው ግን አይጠይቅም። በገዳሪፍ በኩል ይህን ሸይል ይሉታል። ነጋዴው ዛሬ ገንዘብ ይሰጣል፣ ገበሬው በመከር ሰሊጥ ሊያስረክብ ይስማማል፣ ዋጋውም ዛሬ ይቆረጣል። ምሳሌ ላድርገው። በነሐሴ፣ ቀንጣር በሚባለው የሱዳን መለኪያ ለአሥር ቀንጣር፣ ቀንጣሩን በ6 ሺህ የሱዳን ጊኒ ሒሳብ፣ 60 ሺህ ጊኒ ወሰደ እንበል። በታኅሣሥ ቀንጣሩ 10 ሺህ ከገባ ያስረከበው ሰሊጥ 100 ሺህ ያወጣል። በአራት ወር 60 ሺህ ብድር 40 ሺህ ወለደች። በእኛ በኩል ስሙ አራጣ ይሆናል፤ ብድሩም በብር ተሰልቶ በሰሊጥ የሚከፈልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ነጋዴው ምንም አደጋ የለበትም አልልም። ዝናብ ከጠፋ ገበሬው የሚያስረክበው የለውም፣ ዋጋ ከወደቀም ኪሳራው የነጋዴው ነው። ይህ መታሰብ አለበት። ነገር ግን 6 ሺህ የሚለውን ቁጥር ማን እንደጻፈው እንይ። የጻፈው ስንት ማሳ ላይ ገንዘብ እንደበተነ፣ ያለፉት ዓመታት የመከር ዋጋ እንዴት እንደነበረ፣ ስንቱ ተበዳሪ እንደማይከፍል አስልቶ ነው። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ግን አንድ ማሳ፣ አንድ አረም፣ አንድ ሳምንት ነው ያለው። ቁጥሩ ውስጥ የአደጋው ዋጋ አለ፤ ከአደጋው በላይ የገበሬው ጥድፊያ ዋጋ አለ። ያቺ 109.03 እዚህ ነው ያለችው። «በርሃ ራሱ ቁማር ነው» የሚለው አባባል ደግሞ ይህን የነሐሴ ወረቀት ከዝናቡና ከጦርነቱ ጋር ጠቅልሎ «የዕድል ነገር ነው» ብሎ ያልፈዋል። ገበሬው በታኅሣሥ ባዶ እጁን ሲቀር ሰማዩን ያማል እንጂ ወረቀቱን አያነብም።

አደጋ በስንት ይሸጥ የሚለውን ጥያቄ ሱዳኖች ከእኛ ቀድመው አስበውበታል። አገራቸው ቁማርን በሕግ ትከለክላለች፤ በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የወንጀል ሕጋቸው ቅጣቱን ግርፋት አድርጎት ነበር። ያልበቀለን እህል አስቀድሞ መሸጥም በእስልምና ሕግ የሚያጠራጥር ነገር ነው፣ ሊቃውንቱ ግን ሰለም የሚባለውን ውል በቅድመ ሁኔታ ፈቅደውታል፦ ዋጋው በሙሉ አስቀድሞ ይከፈል፣ መጠኑ፣ ዓይነቱና የማስረከቢያ ጊዜው በግልጽ ይታወቅ። የሱዳን ባንኮች ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበሬዎች በዚህ ውል ማበደር ሲጀምሩ አንድ አንቀጽ ጨመሩበት። የመከሩ ዋጋ ከተስማሙበት ከሲሶ በላይ ከራቀ የተጎዳው ወገን ጉዳቱ እንዲስተካከልለት መጠየቅ ይችላል። ባንኮቹ ሁሉ በሁሉ ጊዜ አክብረውታል አልልም። ሐሳቡን ግን አከብራለሁ፤ አደጋ አለ፣ አደጋውን የሚገዛ ሰው ማትረፉም ተገቢ ነው፣ ለዋጋው ግን ጣሪያ ሊኖረው ይገባል ያለ ሐሳብ ነው።

በኢትዮጵያ በኩል ምርት ገበያው በ2000 ዓ.ም. ሲከፈት የመከሩን ዋጋ ወደ ብርሃን አውጥቶታል፤ ሰሊጥ በስንት እንደዋለ ለማወቅ ደላላ መለማመጥ ቀርቷል። የነሐሴው ዋጋ ግን ዛሬም በጨለማ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ በውርርድ ላይ የምንጮኸውን ያህል፣ ከዚያም በላይ፣ እዚህ ላይ ልንጮህ ይገባል።

አንድ ሰው ግን «ድሃው ተስፋ ይግዛ፤ አሥር ብር ናት፣ ምን አገባህ?» ይለኛል። ከክርክሮቹ ሁሉ ልቤን የሚነካው ይህ ነው። ከጎጃም ወይም ከወሎ ወርዶ፣ በላስቲክ ዳስ አድሮ፣ ቀኑን ሙሉ በአርባ ዲግሪ የሚያጭድ ልጅ ማታ ማታ 2,560 ብርን ቢያልም ማን ይወቅሰዋል? እኔ አልወቅሰውም። የምቃወመው ሕልሙን እንደ ሙያ አድርገው የሚሸጡለትን፣ «ከማጨድ ምን ይለያል» ብለው የሚያባብሉትን ነው። ያጨደው ልጅ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ የላቡ ዋጋ ስምንት ቡድን እስኪያሸንፍለት አይጠብቅም። ያን ሒሳብ ይዞ አገሩ ሳይገባ እዚያው ከተማ ውስጥ በትኬት የሚጨርሰውን ልጅ ያዩ እናቶች ደጋ ላይ አሉ።

ለማኅበራትና ለብድር ተቋማት የምለው ደግሞ አጭር ነው። ገበሬው ከነጋዴው ፊት የሚቀመጠው አረሙ ጉልበት ሲደርስ ነው፤ ያም ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ነው። የእናንተ ብድር ማመልከቻ ተሞልቶ፣ ኮሚቴ ተሰብስቦ፣ ማኅተም ተመትቶ በመስከረም ሲወጣ ሰሊጡ ተሽጦ አልቋል፤ ቁጥሩም ተጽፏል። የማሳረሚያው ብር ከሐምሌ 20 በፊት ይድረስ፣ ውሉ ላይም ያቺ የሲሶ አንቀጽ በአማርኛ ትጻፍ።